የሚያዝናናንን መጽሐፍና ትረካ ስለ መፈለግ

«ማንበብ አልወድም» የሚል ተማሪ ባጋጠመኝ ቁጥር የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ምን ዓይነት ጨዋታ ሲነሣ ነው ሥራህን ትተህ ጆሮህን የምትሰጠው?» የሚል ነው። አንዱ ስለ ሌባና ስለ መርማሪ ፖሊስ ሲወራ ነው ይላል። ሌላዋ ስለ ጥንት ነገሥታትና ስለ ጦርነት ሲነገር እወዳለሁ ትላለች። ሦስተኛው ደግሞ የሚያስቅ ካልሆነ አልሰማም ይላል። ጨዋታ ከነጭራሹ የማይወድ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁም። እንግዲህ ጨዋታ የሚወድ ሰው ሁሉ የሚስማማው መጽሐፍ በዓለም ላይ አለ ማለት ነው፤ ጉድለቱ ሰውየውና መጽሐፉ ገና አለመገናኘታቸው ብቻ ነው። እኔም በዚህ በዓመታዊ መጽሔታችን ላይ ለጓደኞቼ፥ ለመምህራኖቼና ለወላጆቻችን ለመግለጽ የምፈልገው ሁለቱ እንዴት እንደሚገናኙ ነው።

ነገሩ ለአንዳንዶች ቀላል መስሎ ይታያቸው ይሆናል። «ተማሪ የሚያስፈልገው የትምህርት መጽሐፍ ነው፤ የመዝናኛው ምን ያደርግለታል?» የሚሉ ወላጆች ብዙዎች ናቸው። ሥጋታቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት የሀገራችን ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆኑ። ይህን የሰማ አባት ልጁ ልብ ወለድ ይዞ ሲያገኘው ቢቆጣ አያስደንቅም።

ነገር ግን እኛ የሁምቦ ልጆች በቤታችን የምንናገረው ወላይትኛ ነው፤ አማርኛን እንደ አንድ ትምህርት እንማረዋለን፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱና ፈተናው ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። ሦስት ቋንቋ ይዞ የሚጓዝ ተማሪ ረጅም ጽሑፍ ሲያይ እንዳይደነግጥ የሚያደርገው ልምምድ ብቻ ነው። ማንም ሰው ደግሞ በግድ 500 ገጽ አያነብም፤ ታሪኩ የያዘው ሰው ግን ሳይታወቀው ያነብበዋል። በፈተና አዳራሽ የሚቀርበውን የአንድ ገጽ ምንባብ ለመታገሥ የሚያስችለው ጉልበት የሚገኘው በዚያ ሳይታወቅ በተነበበው 500 ገጽ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ የሚያዝናናንን መፈለግ ከትምህርት መሸሽ ሳይሆን ወደ ትምህርት የሚያደርስ አንድ መንገድ ነው።

የታሪክ ዓይነቶች

መጽሐፍን ለመፈለግ የሚነሣ ሰው በመጀመሪያ ማወቅ የሚገባው ታሪኮች በዓይነት በዓይነታቸው የተከፈሉ መሆናቸውን ነው። ሊቃውንቱ ይህን ዘውግ ይሉታል። የገበያን ነገር ብናስብ ጉዳዩ ይገለጥልናል፤ ቡና የሚፈልግ ሰው ወደ እህል ተራ ሄዶ «ገበያው ባዶ ነው» አይልም። የሚስማማንን ዘውግ ያወቅን እንደ ሆነ ፍለጋው በግማሽ ይቀልልናል።

ጀብዱና ጉዞ ደስ የሚለው ሰው ከመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ቢነሣ መልካም ነው። ይኸውም አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ከተማ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው፤ ብዙ ሰው «ጦቢያ» በሚለው ስም ያውቀዋል። ጦቢያ የተባለችው ልጃገረድ የወንድ ልብስ ለብሳ የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ ስትንከራተት የሚያሳይ ነው። አማርኛው የጥንት ቢሆንም መጽሐፉ አጭር ስለ ሆነ ለጀማሪ አይከብድም። ከውጭው ዓለም ደግሞ ፈረንሳዊው ዡል ቬርን እ.ኤ.አ. በ1873 በመጽሐፍ ያወጣው ዓለምን በ80 ቀን የመዞር ታሪክ የዚሁ ወገን ነው።

ወንጀልና ምርመራ የሚማርከው ሰው ይልማ ሀብተየስ የሚለውን ስም ይያዝ፤ በአማርኛ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድን ካስለመዱት ደራስያን አንዱ ናቸው። የስለላ ታሪክ ለሚወድ ደግሞ ማሞ ውድነህ በመጻፍም በመተርጎምም ብዙ ሥራ ትተውለታል። የዚህ ዘውግ ጥቅም አንባቢን ንቁ ማድረጉ ነው። ደራሲው ፍንጩን ሁሉ በፊታችን እያስቀመጠ እኛ ግን ልብ ሳንል እናልፋለን፤ በመጨረሻ ምሥጢሩ ሲገለጥ ወደ ኋላ ተመልሰን «እዚህ ጋ እኮ ነግሮኝ ነበር» እንላለን።

የፍቅር ታሪክ የሚፈልግ የሲሳይ ንጉሡን «ሰመመን» ያንብብ። በዩኒቨርስቲ ተማሪዎች መካከል የሆነውን የሚተርክ ስለ ሆነ፥ ነገ ከነገ ወዲያ ዩኒቨርስቲ እንገባለን ብለን ለምናስብ ወጣቶች ቅርብ ነው።

ታሪክን ለሚወድ ተማሪ አንድ ጥሩ ዘዴ አለ፤ ይኸውም ስለ አንድ ሰው የተጻፉ የተለያዩ ሥራዎችን ማወዳደር ነው። ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ»ን፥ አቤ ጉበኛ «አንድ ለእናቱ»ን ጽፈዋል፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ቴያትር ደርሰውላቸዋል። ንጉሡ አንድ ናቸው፤ በሦስቱ ደራስያን እጅ ግን ሦስት መልክ ይይዛሉ። ሦስቱን ያየ ተማሪ የታሪክ መምህራችን «ምንጭን መመርመር» የሚሉን ነገር ምን እንደ ሆነ ያለ ብዙ ድካም ይገባዋል።

ልብ ወለድ የማይጥመው፥ እውነተኛና አስገራሚ ነገር ብቻ የሚፈልግ ሰውም አለ። እኔ ራሴ ከዚህ ወገን ነኝ። ለእንደዚህ ያለው ሰው ጳውሎስ ኞኞ አለለት። በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ «አንድ ጥያቄ አለኝ» በሚለው ዓምድ ከአንባቢ ለሚመጣለት ልዩ ልዩ ጥያቄ መልስ ይሰጥ የነበረ ጋዜጠኛ ነው፤ ስለ ዐፄ ምኒልክና ስለ ጣልያን ጦርነትም መጻሕፍት ጽፏል። ጠያቂ ሰው በጳውሎስ ይጀምራል፤ ከዚያ ሳያስበው ወደ ታሪክ መጽሐፍ ይሻገራል። እኔም የተሻገርሁት በዚሁ ድልድይ ነው።

ቀልድ የሚወድ ደግሞ ከአለቃ ገብረ ሐና ይጀምር። እኒህ የጎንደር ሊቅ ባንድ ቃል ሁለት ነገር በመናገር የሚያህላቸው አልነበረም። ጨዋታቸውን በደንብ ለመረዳት የአማርኛን ሰምና ወርቅ ማወቅ ይጠይቃልና፥ አማርኛን በትምህርት ለያዝን ለእኛ ሳቁ ራሱ ትምህርት ይሆነናል።

በመጨረሻም ሁለትና ሦስት ዓይነት በአንድነት የሚገኝበት መጽሐፍ መኖሩን ማስታወስ ይገባል። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ሲወጣ የስለላም፥ የፍቅርም፥ የፖለቲካም መጽሐፍ ነበረ። ታሪኩ በአሥመራ ስለ ተካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ስለ ነበር መንግሥት ወዲያው ከገበያ ሰበሰበው፤ ደራሲውም በየካቲት ወር 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም። መጽሐፉ ግን አልጠፋም፤ እነሆ እ.ኤ.አ. በ2025 ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለዓለም አንባቢ ቀርቧል። ለመዝናናት ብለን የምናነሣው መጽሐፍ ለጻፈው ሰው ምን ያህል ዋጋ ሊያስከፍል እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

አንድ ታሪክ በብዙ መንገድ

ታሪክ የሚገኘው በወረቀት ብቻ አይደለም። የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ ከ500 ገጽ በላይ ያለው ትልቅ መጽሐፍ ነው። ይሁን እንጂ የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር፥ የጉዱ ካሳንም ንግግር የሚያውቁ፥ ግን መጽሐፉን በዓይናቸው አይተውት የማያውቁ እጅግ ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉ። ምክንያቱ ዝነኛው ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬድዮ ስለ ተረከው ነው። መጽሐፉ ያልደረሰበት ገጠር ድምፁ ደረሰ፤ ማንበብ የማይችል ገበሬም የልብ ወለድ አድማጭ ለመሆን በቃ።

ቴሌቪዥን በሀገራችን ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ተከታታይ ድራማዎች በየጣቢያው ሲቀርቡ እናያለን፤ እነዚህም እንደ መጻሕፍቱ ዓይነት ዓይነት አላቸው። ለምሳሌ በፋና ቴሌቪዥን ቀርቦ የነበረው «ምን ልታዘዝ» በአንድ ካፌ ውስጥ ባሉ ሰዎች አማካይነት የሀገርን ጉዳይ በቀልድ የሚነካ ምጸት ነበር። በ2014 ዓ.ም. በአርትስ ቴሌቪዥን የታየው «እረኛዬ» ደግሞ የገጠሩን ኑሮ በአክብሮት ያሳየ ድራማ ነው፤ የጻፉትም ቅድስት ይልማ፥ አዜብ ወርቁና ቤዛ ኃይሉ የተባሉ ሦስት ሴቶች ናቸው። ቀልድና ምጸት የሚወድ የመጀመሪያውን፥ የሰው ኑሮ የሚመስጠው ሁለተኛውን ቢመለከት ይደሰታል።

ከሁሉ ዐዲስ የሆነው ፖድካስት ነው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ2004 የፈጠረው አንድ የእንግሊዝ ጋዜጠኛ ሲሆን፥ ከአይፖድ የድምፅ ማጫወቻና ስርጭት ማለት ከሆነው ብሮድካስት ከሚለው ቃል አጣምሮ ያወጣው ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ ሬድዮ በሰዓቱ ያልሰማነውን አይመልስልንም፤ ፖድካስት ግን በኢንተርኔት ላይ ተቀምጦ ስለሚቆየን በፈለግነው ሰዓት እናወርደዋለን፤ ካወረድነው በኋላ ያለ ኢንተርኔት እንሰማዋለን። በውጭው ዓለም ይህን ነገር እጅግ ያስወደደው እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የቀረበው «ሲሪያል» የተባለው ነው፤ በ1999 የተፈጸመን አንድ እውነተኛ የግድያ ወንጀል ጋዜጠኛዋ ሳራ ኬኒግ በየሳምንቱ እየመረመረች ታቀርብ ነበር።

ይህ ለሁምቦ ልጅ ምን ይጠቅመዋል ቢባል፥ መልሱ በሞገድ ጠባይ ላይ ነው። የኤፍ ኤም ሞገድ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ስለ ሆነ ተራራና ርቀት ያግደዋል፤ የዐዲስ አበባ ኤፍ ኤም ከእኛ ዘንድ አይደርስም። በሸገር ኤፍ ኤም 102.1 የቀረቡት የእሸቴ አሰፋ «መቆያ»፥ የመዓዛ ብሩ «የጨዋታ እንግዳ»፥ የመጻሕፍትም «ትረካ» ለረጅም ጊዜ የዐዲስ አበባና የአካባቢዋ ሰዎች ሀብት ነበሩ። በኢንተርኔት መቀመጥ ከጀመሩ በኋላ ግን ተራራው አያግዳቸውም። «መቆያ» ታሪክን ለሚወድ፥ «የጨዋታ እንግዳ» የሰውን ሕይወት ከራሱ አፍ መስማት ለሚወድ፥ «ትረካ» ልብ ወለድ ለሚወድ ተስማሚ ናቸው።

የመፈለጊያው ዘዴ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የሚስማማንን ለማግኘት የሚረዱ፥ እኔና ጓደኞቼ የሞከርናቸው መንገዶች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፥ ክሩን መከተል ነው። አንድ ሥራ ከወደድን በዚያ አንቁም፤ የደራሲውን፥ የተርጓሚውን፥ የተራኪውን ስም እንጻፍ። የወደድነው ታሪኩን ከሆነ በዚያው ዘውግ ያለውን ሌላ ደራሲ፥ የወደድነው አነጋገሩን ከሆነ የዚያኑ ደራሲ ሌላ መጽሐፍ፥ የወደድነው ድምፁን ከሆነ የተራኪውን ሌላ ትረካ እንፈልግ። ከአንድ ስም ሦስት ስም ይወለዳል።

ሁለተኛ፥ አሥር ገጽ መቅመስ ነው። አንድ መጽሐፍ በአሥር ገጽ ውስጥ ካልያዘን ለሌላ ሰጥተን ሌላ እናንሣ። ይህ ለትምህርት መጽሐፍ አይሠራም፤ ለመዝናኛ መጽሐፍ ግን ሕጉ ይኸው ነው። ለትረካና ለፖድካስትም አሥር ደቂቃ ይበቃል።

ሦስተኛ፥ ከአጭር መጀመር ነው። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው፥ አጭር ልብ ወለድ ያልጨረሰ ሰው በ500 ገጽ ባይጀምር ይሻለዋል። ከዚህም ሌላ ከባዱን መጽሐፍ በመጀመሪያ በትረካ ሰምቶ ኋላ ማንበብ ይቻላል። ታሪኩን አስቀድመን ስለምናውቀው ያልገባን ቃል መንገዱን አይዘጋብንም። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ ተማሪ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም።

አራተኛ፥ ሰውን መጠየቅ ነው። «ጥሩ መጽሐፍ አለ?» ብሎ መጠየቅ ግን አይበቃም፤ «የሚያስቅ፥ አጭር፥ ስለ ትምህርት ቤት የሚያወራ አለ?» ብሎ መለየት ያስፈልጋል። ጥያቄው በጠበበ መጠን መልሱ ይቀርባል። መምህራንና የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች የሚያውቁትን ያህል የማንጠይቃቸው ሰዎች ናቸው።

ስለ ገንዘብና ስለ ሕግ

የእኛ ከተማ ጠበላ እንደ ዐዲስ አበባ በየመንገዱ መጽሐፍ የተደረደረባት አይደለችም። ስለዚህ ገንዘባችንን ማስተባበር ይገባናል። ወደ ሶዶ የሚሄድ ዘመድ ሲኖር አሮጌ መጻሕፍት ከሚሸጡት ዘንድ እንዲጠይቅልን ማድረግ አንዱ መንገድ ነው፤ በተለይ ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት በደርግ ዘመን ያሳተማቸው ልብ ወለዶች ዛሬም ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ ይገኛሉ። አምስት ተማሪዎች ገንዘብ አዋጥተው አንድ መጽሐፍ ቢገዙና በየሳምንቱ ቢቀባበሉ፥ አምስቱም ያነብባሉ፤ የሚጫወቱበትም ርእስ ያገኛሉ። ለትረካም ቢሆን አንዱ አውርዶ ሌሎቹ አብረው ቢሰሙ የኢንተርኔቱ ወጪ አንድ ነው።

በስልክ ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚተላለፉት የመጻሕፍት ቅጂዎች ግን አንድ ቃል መናገር ይገባኛል። በሀገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት፥ የደራሲ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት የተጠበቀ ነው። ስለዚህ በዘመናችን ያለ ደራሲ የደከመበትን መጽሐፍ ያለ ፈቃድ ማባዛት ድካሙን መውሰድ ነው። ባለቤቶቹ ራሳቸው በነፃ ያቀረቡትን ፖድካስት መስማት ግን ነውር የለበትም። እንደዚሁም አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ካረፉ 50 ዓመት ስላለፈ «ልብ ወለድ ታሪክ» የሁላችንም ሆኗል።

ያለ መጽሐፍ መቅረትን ለሚያማርር ሰው አንድ ምሳሌ ልጥቀስለት። ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን በማዕከላዊ ታስሮ ሳለ የአሜሪካዊቷን የማርጋሬት ሚቸልን ትልቅ ልብ ወለድ ወደ አማርኛ ተረጎመ። ወረቀት ስላልነበረው የጻፈው በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ሲሆን ቁጥሩም ወደ 3,000 የሚጠጋ ነበር። ወረቀቶቹ ከእስር ቤት በምሥጢር ወጥተው ኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። እስረኛ በሲጋራ ወረቀት ላይ ይህን ያህል ከደከመ፥ እኛ ስልክና ቤተ መጻሕፍት ያለን ሰዎች የምናቀርበው ምክንያት ጥቂት ነው።

ከእኛ ምን ይጠበቃል

እስካሁን የጠቀስኋቸው ታሪኮች አብዛኛዎቹ በጎጃም፥ በዐዲስ አበባ፥ በአሥመራ የሆኑ ናቸው። እነርሱን በማንበቤ ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ሁምቦ የሚገኝበትን ልብ ወለድ እስካሁን አላነበብሁም። ታሪክ ግን አላጣንም። ተራቁቶ የነበረው የሁምቦ ተራራ 2,728 ሄክታር ያህሉ ተከልሎ፥ ከተቆረጡት ዛፎች ጉቶ ሥር እንደ ገና በበቀለው ደን ተሸፍኗል፤ ሥራውም እ.ኤ.አ. በ2009 በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት አሠራር ተመዝግቦ በዓለም ታውቋል። የካዎ ጦና ታሪክ አለ። ሽማግሌዎቻችን በወላይትኛ የሚነግሩን ተረት አለ። እነዚህን የሚጽፍልን ከሩቅ አይመጣም።

ስለዚህ ለትምህርት ቤታችን የማቀርበው ሐሳብ አለ። ሚኒ ሚዲያችን በዕረፍት ሰዓት ዘፈንና ማስታወቂያ ያሰማናል፤ በሳምንት ሁለት ቀን አሥር አሥር ደቂቃ ለትረካ ቢሰጠን መልካም ነው። አንዱን ቀን ከሽማግሌ የተቀዳ ተረት በወላይትኛ፥ ሌላውን ቀን በአማርኛ፥ በዓይነት በዓይነቱ፤ አንድ ሳምንት ጀብዱ፥ አንድ ሳምንት ወንጀል፥ አንድ ሳምንት ቀልድ። በሶዶ የወጌታ ኤፍ ኤም 96.6 በቋንቋችን እየተናገረ ነውና፥ ከመካከላችን ድምፁ ያማረ ተማሪ ነገ የት እንደሚደርስ ማን ያውቃል? ከሚኒ ሚዲያው አጠገብም አንድ ደብተር ይቀመጥ፤ ደስ ያለው ሰው የመጽሐፉን ወይም የትረካውን ስም፥ ዓይነቱንና «እንዲህ ያለውን ለሚወድ» የሚል አንድ መስመር ይጻፍበት።

ወላጆቻችንም ልጃቸው መጽሐፍ ይዞ ሲስቅ ቢያዩት «ምን አሳቀህ?» ብለው እንዲጠይቁት እለምናለሁ። ልጁ መልሶ ሲተርክላቸው ያነበበው በልቡ ይቀራል፤ እነርሱም ከታሪኩ ይካፈላሉ። ደብተሩ በሚቀጥለው ዓመት መጽሔታችን እስኪወጣ ድረስ በስም ከተሞላ፥ ከመካከላችን «ማንበብ አልወድም» የሚለው ሰው ቁጥር እንደሚቀንስ ተስፋ አደርጋለሁ።